4ኬ ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት የሶፋውን ርቀት ለኩ

ቲቪ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «4ኬ ይሻላል ወይስ ፉል ኤች ዲ ይበቃል?» እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሶፋችሁ ከቲቪው ምን ያህል ይርቃል? ቤታችሁ ውስጥ በብዛት የሚታየው ምንድን ነው? እነዚህ ሁለቱ ካልተመለሱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙም አይጠቅማችሁም። ቲቪ ዛሬ ዛሬ የብዙ ወር ደሞዝ የሚጠይቅ ዕቃ ሆኗል፤ ስለዚህ ብሩን ከማውጣት በፊት ነገሩን በደንብ መረዳት ይገባል ባይ ነኝ።

ቁጥሮቹን ቶሎ እንያቸው። ስክሪን ላይ የምናየው ምስል ፒክስል ከሚባሉ ትንንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው። ሬዞሉሽን ማለት እነዚህ ነጥቦች በአግድም ስንት፣ በቁም ስንት እንደሆኑ የሚናገር ቁጥር ነው። ኤስ ዲ የምንለው የድሮው ስርጭት 720 በ576 ነው። ኤች ዲ 1280 በ720 ነው። ፉል ኤች ዲ 1920 በ1080፣ ማለትም ወደ 2 ሚሊዮን ነጥብ። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ ተባዝቶ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፣ የፉል ኤች ዲ አራት እጥፍ። ሻጩ «ዩ ኤች ዲ» ቢላችሁም «2160» ቢላችሁም ያው 4ኬ ነው። 8ኬም አለ። የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ በ8ኬ የሚያሰራጭ የሳተላይት ቻናል ከፍቷል። ለእኛ ቤት ግን ለጊዜው ምንም የሚሠራው ነገር ስለሌለ እንለፈው።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወደው 32 ኢንች ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ኤች ዲ» ይላል፣ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም «4ኬ ሰፖርት» የሚል ያብረቀረቀ ስቲከር ተለጥፎበታል። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋችሁ በጎን በኩል በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስታነቡ ግን 1366 በ768 ይላል። ይህ ማለት አንድ ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው፣ የፉል ኤች ዲ ግማሽ። «ሰፖርት» ማለት ቲቪው የ4ኬ ፋይል ከፍላሽ ወይም ከኢንተርኔት ማንበብ ይችላል ማለት ነው እንጂ ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም። አንብቦ፣ አሳንሶ፣ በአንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው የሚያሳያችሁ።

«ኤች ዲ ሬዲ» የሚለውም ምልክት ተመሳሳይ ነገር አለው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ መስፈርቱ ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመር እንዲኖረውና የ720ም የ1080ም ሲግናል እንዲቀበል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሻጩ «1080 ይቀበላል» ሲላችሁ እየዋሸ አይደለም። ግን ጥያቄያችሁ ስለሚቀበለው ሳይሆን ስለሚያሳየው ይሁን። እንዲህ ነው የምትጠይቁት፦ «ፓኔሉ ራሱ ስንት በስንት ነው?» መልሱ ካልጣማችሁ የሞዴል ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስገቡና አምራቹ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ምን እንዳለ እዩ። ደቂቃ አይፈጅም። የሞዴል ቁጥሩ የትም የማይገኝ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው፣ ሌላ ቲቪ እዩ።

ወደ ርቀቱ ልመለስ። ጤነኛ ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር በአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ማዕዘን የሚታየውን ያህል ነው። በዚህ ሲሰላ 43 ኢንች ፉል ኤች ዲ ቲቪ ላይ ነጥቦቹ ከ1.7 ሜትር ጀምሮ ለዓይን ይዋሃዳሉ። 55 ኢንች ላይ ደግሞ ከ2.2 ሜትር ጀምሮ። ከዚያ በላይ ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ 4ኬ የሚጨምረውን ነጥብ ዓይናችሁ አያየውም። የ55 ኢንች 4ኬን ሙሉ ጥቅም ለማግኘት እስከ 1 ሜትር ከ10 ድረስ መጠጋት አለባችሁ፤ ማን ነው ሳሎን ውስጥ እንደዚያ ተጠግቶ የሚቀመጠው? የኮንዶሚኒየም ሳሎን ላይ ሶፋው ከቲቪው 2 ሜትር ተኩል ወይም 3 ሜትር ቢርቅ ነው። በዚያ ርቀት 43 ኢንች ፉል ኤች ዲ እና 43 ኢንች 4ኬ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የሚታየው ልዩነት ካለ ከቀለም እና ከብርሃን የመጣ ነው እንጂ ከነጥብ ብዛት አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ግን የምትቆሙት ከቲቪው አንድ ክንድ ርቃችሁ ነው። ላዩ ላይ የሚሄደውም ለማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አበባና ዓሣ የሞላበት እውነተኛ የ4ኬ ቪዲዮ ነው። ያኔ ሁሉም ያምራል። ቤት ስትገቡ የምታዩት ደግሞ ዜና፣ ድራማ እና ኳስ ነው። ስለዚህ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የኳስ ጨዋታ ወይም ቤት የምታዩትን የመሰለ ነገር ጫኑበትና «እስቲ ይህን ክፈትልኝ» በሉ፤ ከዚያም ሦስት ሜትር ወደኋላ ራቁና እዩ። ከጎን በኩልም ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ርካሽ ፓኔል ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገረጣል፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያይ ዳር ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚያየው ያንን ነው።

እንግዲህ 4ኬ አትግዙ እያልኩ ነው? አይደለም። ከ50 ኢንች በላይ አዲስ ቲቪ ስትፈልጉ አሁን የሚገኘው ከሞላ ጎደል ሁሉም 4ኬ ነው፣ ምርጫም የላችሁም። እኔ የምለው «4ኬ» ለሚለው ስም ብቻ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። 43 ኢንች ላይ ጥሩ ብርሃንና ጥሩ ቀለም ያለው ፉል ኤች ዲ፣ ደብዛዛ ከሆነ ርካሽ 4ኬ ይበልጥብኛል። 32 ኢንች ለመኝታ ቤት ከሆነና አልጋችሁ ከ2 ሜትር በላይ ከራቀ 1366 በ768ም ይበቃል። እንደ ኮምፒውተር ሞኒተር ልትጠቀሙበት ወይም ልጆች ተጠግተው ጌም ሊጫወቱበት ከሆነ ግን ፉል ኤች ዲውን ፈልጉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ እኔን ብዙ የሚያስቆጨኝ እሱ ነው። ቲቪው የፈለገውን ያህል ነጥብ ይኑረው፣ የሚገባለት ምስል ደካማ ከሆነ የሚወጣውም ደካማ ነው። ቁጥሩን እዩት። ኤስ ዲ ቻናል 414,720 ነጥብ ይዞ ይመጣል። 4ኬ ስክሪን 8,294,400 ነጥብ አለው። ልክ 20 እጥፍ ነው። ከእያንዳንዱ 20 ነጥብ 19ኙን ቲቪው ራሱ ገምቶ ነው የሚሞላው። ለአምስት ሰው የተሠራን ወጥ ውሃ እየጨመሩ ለመቶ ሰው እንደማብቃቃት ነው። ብዙ ሰው «አዲሱ ቲቪዬ ከድሮው የባሰ ያደበዝዛል» የሚለው ለዚህ ነው። ቲቪው አልተበላሸም። ስክሪኑ ሰፋ፣ ምስሉ ግን ያው ነው።

የአገራችንን ቻናሎች ብዙዎቻችን የምናየው በዲሽ ነው፣ በኢትዮሳት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ሳተላይት። የትኛው ቻናል በኤች ዲ፣ የትኛው በኤስ ዲ እንደሚመጣ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። የሪሲቨሩን ሪሞት አንሱና «ኢንፎ» የሚለውን ተጫኑ። አብዛኛው ሪሲቨር ላይ 720 በ576 ወይም 1920 በ1080 የሚል ነገር ይወጣል። የምታዘወትሯቸውን ቻናሎች እንዲህ አንድ በአንድ እዩ። አብዛኞቹ ኤስ ዲ ከሆኑ 65 ኢንች መግዛት ችግሩን ማጉላት ነው የሚሆነው።

ኤች ዲ ቻናል እያለ በኤስ ዲ የሚያየው ሰው ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ነው። ምክንያቱ ኬብሉ ነው። ከቲቪው ጀርባ ሂዱና እዩ። ሪሲቨሩ በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ኬብል፣ ማለትም በኤቪ ከተገናኘ ያ ቢጫ ገመድ ከኤስ ዲ በላይ ማሳለፍ አይችልም። ቲቪው 4ኬ ቢሆን፣ ሪሲቨሩ ኤች ዲ ቢሆን፣ ቻናሉ ኤች ዲ ቢሆን እዚያች ገመድ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ኤች ዲ ኤም አይ ኬብል ግዙና ቀይሩት። ውዱን አትግዙ፣ ለሪሲቨር ተራው ይበቃል። ከቀየራችሁ በኋላ የሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቪዲዮ ሬዞሉሽኑን 1080 አድርጉት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሪሲቨር ከሱቅ ሲወጣ 576 ወይም 720 ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ቲቪ ልቀይር ያላችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይህችን ኬብል ብቻ ቀይሩና ሳምንት ያህል እዩት። ሐሳባችሁን ልትቀይሩ ትችላላችሁ።

ኳስ ለምታዩ አንድ ነገር ልጨምር። በሳተላይት የሚመጣ ኤች ዲ ብዙውን ጊዜ 1080አይ የሚባለው ነው። ይህ ማለት መስመሮቹ በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው (1፣ 3፣ 5…)፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው (2፣ 4፣ 6…) ይመጣሉ፣ ቲቪው ወይም ሪሲቨሩ ያገጣጥማቸዋል። የሚያገጣጥመው መሣሪያ ደካማ ከሆነ ተጫዋቹ ሲሮጥ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆራረጣል። ሪሲቨሩን 720ፒ ላይ፣ ማለትም መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመጡበት ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ 1080 ላይ መልሱት፤ የትኛው ላይ ሩጫው ንጹሕ እንደሆነ ዓይናችሁ ይፍረድ። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ 64ቱም ጨዋታ በ4ኬ ነው የተቀረጸው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ቻናሉ በሚያሰራጨው መጠን ነው። ስለዚህ «ዓለም ዋንጫን በ4ኬ ላየው ነው» ብሎ ቲቪ የሚገዛ ሰው፣ ሊያይበት ያሰበው ቻናል በምን እንደሚያሰራጭ ቀድሞ ያጣራ።

እውነተኛ 4ኬ እኛ ቤት የሚገባው በዋናነት በኢንተርኔት ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለ1080 ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ይበቃል ይላል። ቤታችሁ የገባው መስመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነና ሦስት ስልክ ተጣብቆበት ከዋለ 4ኬውን እርሱት፣ 1080 ግን ቆንጆ አድርጎ ይሄዳል። በስልክ ዳታ ሆትስፖት ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። 4ኬ ፊልም በሰዓት እስከ 7 ጊጋ ባይት ይበላል። ፓኬጁ ፊልሙ ሳያልቅ ያልቃል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት በምን እየመጣ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ቪዲዮው እየሄደ ሴቲንጉን ክፈቱና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ምረጡ። ቁጥሩ ፊት ለፊታችሁ ይወጣል።

ከውጭ አገር ቲቪ ለምታስመጡ ወይም ለቤተሰብ ይዛችሁ ለምትመጡ፦ ከአሜሪካ ከሆነ ከሬዞሉሽኑ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ አገር 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለም። ሌላው፣ አንዳንዱ የአሜሪካ ቲቪ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ እየታደሰ የሚመጣ ሲግናል አይቀበልም፤ ሪሲቨር ስትሰኩበት «ሲግናል የለም» ይላችኋል። የሪሲቨሩን ሴቲንግ ወደ 60 ኸርዝ ስትቀይሩት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ቀላል ነው፣ የእነሱም መብራት እንደኛው ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ቲቪው ቤት ከገባ በኋላ ሁለት ሴቲንግ ቀይሩ። አንደኛው የምስሉ ሞድ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዲያብረቀርቅ «ዳይናሚክ» ወይም «ቪቪድ» ላይ ተደርጎ ከሆነ «ስታንዳርድ» ወይም «ሙቪ» ላይ አድርጉት፤ የሰው ፊት ብርቱካን መምሰሉን ያቆማል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ብዙ ቲቪ ከድሮ በመጣ ልማድ ምስሉን ትንሽ አጉልቶ ጠርዝ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ዜና ስታዩ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ በግማሽ ከተቆረጠ ወይም የጨዋታው ውጤት ጥግ ላይ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው። የስክሪን መጠን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ፣ ስሙ እንደ ቲቪው ይለያያል። ያኔ ሙሉው ምስል ይመጣል፤ ፉል ኤች ዲ ስክሪን ላይ ከሆነ ደግሞ የሚመጣው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ነጥብ ላይ ያርፋል። ጽሑፉ ወዲያው ጥርት ሲል ታዩታላችሁ።