በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ኃይልን ከግራፍ ማንበብ

ሰላም የጥናት ጓደኞቼ። የቦታና የጊዜ ግራፍ ላይ የመስመሩ ተዳፋት ፍጥነትን እንደሚነግረን ሁላችንም ይዘነዋል። የመስመሩ ተዳፋት በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ከፍ ይላል፤ አግድም ከተኛ ተሽከርካሪው ቆሟል። እኔ ሰሞኑን ጊዜዬን የሰጠሁት ለቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ ፍጥነት ከተነበበበት ከዚሁ ግራፍ ኃይልንስ ማንበብ ይቻላል? ይቻላል፤ ኃይሉ የሚታየው መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነው።

መለማመጃዬ የምናውቀው የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ ነው። ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሐረጎ በሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት በኩል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ጂፒኤስ በመንገዱ የተሄደውን ርቀት እመዘግባለሁ፤ ከዚያ በካሬ ወረቀት ላይ በአግድሙ ጊዜን፣ በቋሚው ከደሴ ያለውን ርቀት አሰፍራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የቁልቁለቱ ክፍል ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ጠብቆ ሲወርድ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ቀጥ ያለ መስመር ማለት የተጣራው ኃይል (ተቃራኒዎቹ ኃይሎች ተቀናንሰው የሚቀረው) ዜሮ ነው ማለት ነው፤ ኃይል የለም ማለት ግን አይደለም። የመሬት ስበት ሚኒባሱን ወደ ታች ይጎትታል፤ ፍሬን፣ ሞተሩና የአየሩ ተቃውሞ ወደ ኋላ ይይዙታል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ስለሆኑ መስመሩ አይታጠፍም። ፍሬኑ እየጋለ ወረቀቱ ላይ ጸጥ ያለ ቀጥታ መስመር ማየት ለእኔ የኒውተንን አንደኛ ሕግ (የተጣራ ኃይል ከሌለ ፍጥነት አይለወጥም የሚለውን) ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ አስረዳኝ።

ሐረጎ ሌላም ነገር ያስተምራል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ግራፉ ግን አብሮት አይጠማዘዝም። ኩርባው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ጋር ባላቸው ሰበቃ ሚኒባሱን ወደ ኩርባው ውስጥ የሚገፋ እውነተኛ ኃይል አለ። የእኛ ግራፍ የሚመዘግበው በመንገዱ የተሄደውን ርቀት ብቻ ስለሆነ ይህን የጎን ኃይል ጨርሶ አያሳይም። ስለዚህ ማንኛውንም ግራፍ ከማንበባችሁ በፊት ቋሚው መስመር የሚለካው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ መታጠፉ። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሊገባ ሲል በየ5 ሴኮንዱ ያለው ቦታ፣ በመንገዱ ላይ ካለ አንድ ምልክት ሲለካ፣ ለምሳሌ 100፣ 160፣ 205፣ 235፣ 250 ሜትር ነው እንበል። ተከታታዮቹን ስንቀናንስ 60፣ 45፣ 30፣ 15 እናገኛለን። እነዚህን ደግሞ ስንቀናንስ ሁልጊዜ 15 ይጎድላል። ይህን ለ5 ሲባዛ 5፣ ማለትም ለ25 ስናካፍለው አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን) ከዜሮ በታች 0.6 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይሆናል። የሚኒባሱ መጠነ ቁስ (ማስ) ከነተሳፋሪው 3000 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በአክስለሬሽኑ ስናባዛው የተጣራው ኃይል 1800 ኒውተን ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ኋላ፣ ወደ ደሴ።

ዜሮውን ኮምቦልቻ ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ግራፍ እንደገና ሣሉት። አሁን መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወደ ታች የነበረው መታጠፍም አሁን ወደ ላይ ይሆናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ መስመሩ እየወረደ ሳለ ወደ ላይ ሲታጠፍ ፍጥነት እየጨመረ ይመስለዋል። አብሽሩ፤ ከዜሮ በላይ የሆነው አቅጣጫ አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስለሆነ ወደ ላይ መታጠፉ ኃይሉ ወደ ደሴ መሆኑን ነው የሚናገረው። የግራፉ መልክ ተገለበጠ እንጂ ኃይሉ ያው ነው። በሁለቱም አሣሣል ያንኑ አቅጣጫ ካላገኛችሁ አንዱ ቦታ ላይ ምልክት ተዛብቷል ማለት ነው፤ እኔ ሥራዬን ሁሉ የማጣራው በዚህ ነው።

ለምትሞክሩት አንድ ተግባራዊ ምክር፦ በየሴኮንዱ አትመዝግቡ። የስልክ ጂፒኤስ በሜዳም ላይ በጥቂት ሜትር ይዛነፋል፤ እንደ ሐረጎ ገደል ሰማዩን በሚሸፍንበት ቦታ ደግሞ ይብስበታል። በየሴኮንዱ ለሚመዘገብ ግራፍ የ3 ሜትር መዛነፍ በስሌቱ ውስጥ 3 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሆኖ ይገባል፤ ይህም ከተለመደ የሚኒባስ ፍሬን ይበልጣል። በየ5 ሴኮንዱ ከሆነ ግን ያው 3 ሜትር ለ25 ስለሚካፈል 0.12 ብቻ ይሆናል። በጣም ካራራቃችሁትም አጭር ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይጠፋባችኋል። ለእኔ 5 ሴኮንድ ተስማምቶኛል። የባጃጅ እንቅስቃሴ ግን አጫጭር ስለሆነ በዚህ አልያዝ አለኝ፤ ለእሱ ስልክ መንገድ ዳር ተክሎ በቪዲዮ መቅረጽና ምስሎቹን አንድ በአንድ መለካት ይሻላል። ቀጣዩ ሥራዬ እሱ ነው።