የኮርነሩ አጥር

ኮርነር ቦታ ላይ አጥር መሥራት አልወድም። ብሎኬቱም፣ ኮለኑም፣ ፌሮውም ያው ነው። የሚለየው ቆሞ የሚያይህ ሰው ብዛት ነው። ከሁለት መንገድ አስተያየት ይመጣልሃል።

ይሄኛው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ የቤት ማኅበር ግቢ ውስጥ። የቤቱ ባለቤት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ረጅም ዘመን ኖራ የተመለሰች የድሬ ልጅ ናት። ፕላኑን እየዘረጋች፣ «እዚህ የመጣሁት ከአጥር ኮሚቴ ለማምለጥ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

እዚያም ቤቷ ኮርነር ነበር። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አጥር ከመትከልህ በፊት ሥዕሉን ይጠይቃል። ቁመቱን፣ እንጨት ይሁን ብረት፣ ቀለሙን ሳይቀር ያያል። ሳታስፈቅድ ብታቆም ቅጣት ይከተላል። ኮርነር ሲሆን ይብሳል፤ መንገድ የሚያዋስኑት ሁለቱም ጎኖች እንደ ቤቱ ፊት ይቆጠራሉ። ጓሮ ላይ የሚፈቀደው ረጅም አጥር በዚያ በኩል አይፈቀድልህም። ከተማውም የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙባት ጥግ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሰመራል። እዚያ ውስጥ ብዙ ቦታ አጥር ከ3 ጫማ፣ ከ90 ሳንቲ ግድም፣ ማለፍ የለበትም። ሹፌሩ ከጎን የሚመጣውን እንዲያይ ነው።

«የማኅበሩ ሕግ ከከተማው ቢጠብቅስ?» አልኳት።

«የማኅበሩ ይሠራል።»

«ቢላላስ?»

«የከተማው።»

«ታዲያ ሁሌ የሚያሸንፈው የጠበቀው ነዋ!»

«አቦ፣ አሁን ገባህ።»

እንዲህ ስትማረር ሰምቼ፣ ግንቧን እስከ ሰማይ ትለጥጠዋለች ብዬ ነበር። ፕላኑ ላይ ግን ጥጉ ዝቅ ብሏል። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የቱቦላሬ ብረት፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ። ለምን ስላት፣ «ኮሚቴውን ነው የጠላሁት እንጂ ሦስት ማዕዘኑን አይደለም» አለች። ፈቃዱም በዚሁ ፕላን ከሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት ወጥቷል። ማኅተሙን ዓይቻለሁ።

ጥጉን ድንጋይ እያስቀመጥን ሳለ የማኅበሩ ሰብሳቢ መጣ። ሜትር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ቡና ቤትም ቢሆን። የሱ ቤት እዚያው መገናኛ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው ኮርነር ነው። ሦስት ሜትር ጥርቅም ያለ ግንብ፣ አናቱ ላይ ጠርሙስ ስባሪ። ከታች አንድ የውሃ መውጫ እንኳ የላትም። በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረገውን ያየ ሰው እንዲህ አይገነባም። ያም ሆነ ይህ የሠራሁት እኔ አይደለሁም።

«ሥራ አቁም» አለኝ። ያንን ቃል በድሬ ፀሐይ፣ ሞልታ፣ የሲሚንቶና የአሸዋው ቡኮ፣ ተቦክቶ እያለ የሚናገር ሰው ግንበኛ ሆኖ አያውቅም። እሷን ጠራኋት።

«የማኅበሩ አጥር አንድ ወጥ ነው» አላት። «ሁለት ሜትር ተኩል፣ ድፍን። ጥግ ላይ ያለ ቤት የሰፈሩ ፊት ነው። እንዲህ ክፍት አድርገሽ ብታስቀምጪው ሰፈሩ ምን ይመስላል?»

ባጃጅ መጣ። እዚያች መገናኛ ላይ የሚመጣው አይታይም፤ ስለዚህ ሁሉም ጥሩንባውን እየነፋ ነው የሚያልፈው። ሰብሳቢው ድምፁ እስኪያልፍ ዝም አለ።

«ደግሞ ድሬ በፕላን የተሠራች ከተማ ናት» ብሎ ቀጠለ። «በ1895 ባቡሩ ሲገባ ከዚራ ሰፈር በመስመር ነው የተሰመረችው። ሥርዓት…»

ሌላ ባጃጅ ነፋ። አሁንም ጠበቀ። እሷ ምንም አላለችም። ባጃጁ ወደ መጣበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ሰውዬው ግንብ፣ በአገጯ ብቻ አመለከተች። እኔ ድንጋዩ ላይ አቀረቀርኩ። ሳቄ ቢያመልጠኝ የሚያወጡኝ ከሥራው ነው።

«ጉባዔው ነው የወሰነው?» አለችው።

«አዎ።»

«ጠቅላላ ጉባዔው? ወይስ ኮሚቴው?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም ጋሼ። መተዳደሪያ ደንብ የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባዔ ነው። ቃለ ጉባዔውን አሳየኝ።»

«ጸሐፊው ጋ ነው።»

«ጸሐፊው የታለ?»

«ጅቡቲ።»

«መቼ ይመጣል?»

ሦስተኛው ባጃጅ። ይሄኛው አላፊ ብቻ አልነበረም፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ ከመንገዱ ውጣልኝ፣ አላየሁህም እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢው ወደ ዳር ተጠጋ። ሜትሩን ዘረጋ፣ የኛን ድንጋይ ለካ፣ የሆነ ቁጥር ጻፈና ሄደ። ሞልታዋ ግን ደርቃ ቀረች። ሠራተኞቹ የቀን ሒሳባቸውን ወሰዱ፤ እሱስ ምን አገባቸው?

ነገሩ ያለቀው በቃለ ጉባዔ አይደለም። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ ነው። እሷ አትቅምም፤ ሻይዋን ይዛ ገብታ ተቀመጠች። ገንዘብ ያዡ የባጃጅ ባለቤት መሆኑን የነገራት ማን እንደሆነ አልናገርም። ማታ ተደወለልኝ። «ቀጥል» ተባልኩ። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበር ግቢ ውስጥ ሥራ ስይዝ «መጀመሪያ ወረቀት» እላለሁ። ልጆቹንም እንደዚያ ነው የማሠለጥናቸው። ባለፈው ወር የጀመርነው አጥር ግን በስልክ «ጀምር፣ ችግር የለም» ተብሎ ነው የተጀመረው። ምን ላድርግ? ጸሐፊ እስኪገኝ ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ይሆናል።

የሷ አጥር ካለቀ በኋላ ሰብሳቢው ደወለልኝ። የራሱን ኮርነር «ትንሽ ከፈት» ማድረግ ፈልጓል። ከላይ ቱቦላሬ፣ ልክ እንደ ፊት ለፊቱ።

«ኮሚቴው ወስኖ ነው» አለኝ።

«ቃለ ጉባዔ አለው?»

ሳቀ። ዋጋ ነገርኩት። ማፍረሻው ለብቻ፣ ፍርስራሽ ማንሻው ለብቻ፣ የውሃ መውጫው ለብቻ። የዚያን ቀን የደረቀችዋም ሞልታ ስም ሳይጠራ ገብታበታለች።

«ወላሂ ተወደደ! እኛ ቤተሰብ አይደለን እንዴ?»

«ነን» አልኩት። «ግማሹን ቅድሚያ ትከፍላለህ።»