ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው እንዴት ይወፍራል?

ክብደቴ 96 ኪሎ በደረሰ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሰጠኝ ፍርድ አንድ ነበር፤ «ሆድህን መግዛት አቃተህ»። ይህ ፍርድ ከኑሮዬ ጋር አልገጥም ይለኝ ነበር። በየዓመቱ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳልነካ፣ አብዛኛውን ቀንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልጠጣ አሳልፋለሁ። ቁርጠኝነት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሆኖም ለፋሲካ ሚዛን ላይ ስወጣ ክብደቴ ቀንሶ አያውቅም፤ እንዲያውም ጨምሮ የማገኝበት ዓመት ነበር።

ሐኪሙ የደሜ ስኳር ወደ በሽታው ደረጃ እየተጠጋ መሆኑን ሲነግረኝ ምክንያቱን ፍለጋ ማጀት ገባሁ። ባለቤቴ የሽሮውን ዘይት ከአምስት ሊትሩ ጀሪካን በዓይኗ እየመጠነች ነው የምታፈሰው፤ እናቴም እንደዚያው ነበረች፤ ዘይት በማንኪያ ለክቶ ወጥ የሚሠራ ሰው በሰፈራችን አይቼ አላውቅም። አንድ እሑድ አብረን ቆመን፣ እሷ እንደ ልማዷ ልትጨምር የነበረውን ዘይት መጀመሪያ ስኒ ላይ አፈሰሰችው፤ ከዚያ በሾርባ ማንኪያ ሰፈርነው። ለአራት ሰው ወጥ አሥራ አራት ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው፣ እንጀራውና ሽሮው ሳይቆጠር፣ የእኔ ድርሻ ዘይት ብቻውን ከ400 ካሎሪ በላይ ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። ከቢሮ ስወጣ የምገዛው የጾም ሳምቡሳ ደግሞ በዚያ ላይ የሚደመር ነው።

በሥጋ ላይ የጸናሁት በእኔ ብርታት ብቻ እንዳልነበረም ያኔ ገባኝ። በጾም ወራት ቤቴ ውስጥ ቅቤ የለም፣ የሥራ ባልደረቦቼም «ቅመስ» አይሉኝም። ጾሙ የሚከለክለውን ነገር ለመተው ብዙ ትግል አያስፈልግም፤ ፈተናው ቀድሞውኑ ተነሥቶልኛል። በዘይት፣ በዳቦና በለስላሳ መጠጥ ላይ ግን እንዲህ ያለ አጥር የለኝም፤ በዚያ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ቆሎና ዳቦ ይቀርባል፣ «በሞቴ ይቺን ብቻ» ይከተላል።

ስለዚህ ያደረግሁት ነገር አጥር ማጠር ነው። ዘይቱ በማንኪያ እንዲሰፈርና በግማሽ እንዲቀንስ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን፤ ሽንኩርቱ በዝግታ ከበሰለ ጣዕሙ ብዙም አይጎድልም። ከትሪ ላይ አብሮ መብላት ስንት እንደተበላ ስለማያሳውቅ፣ በሥራ ቀን በራሴ ሳህን አንድ እንጀራ ይቀርብልኛል፣ ምስሩና ጎመኑ ግን አይገደብም። ለስላሳ ቤት መግባቱ ቀረ። ከሥራ ስወጣ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። እርምጃው ሚዛኑን እምብዛም አላንቀሳቀሰውም፤ እንቅልፌንና የስኳሬን መጠን ግን አስተካክሎልኛል። በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ 83 ኪሎ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አልጠበቅሁትም ነበር። እንደ ወትሮው እየበላሁ፣ ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ይርበኝ ጀመር፤ እኩለ ሌሊት ስለ ፍርፍር እያሰብኩ እነቃለሁ። ይህ የሥነ ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሳነብ ነው ያወቅሁት። የስብ ሴሎቻችን ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እያመነጩ የተከማቸውን ስብ መጠን ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ የሆርሞኑ መገኘት ይፋ የሆነው በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ አንጎልም የረሃብ ዘመን የመጣ ያህል ይቆጥረዋል። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎች የረሃብ ሆርሞኖች ከዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። በ2016 ደግሞ በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር ላይ የተካፈሉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ጉልበት ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። አብዛኞቹም መልሰው ወፍረዋል። የዘር ጉዳይም አለበት፤ አባቴና እኅቶቹ በሙሉ ወፍራሞች ነበሩ፣ ባለቤቴ ግን ከእኔ እኩል በልታ ክብደቷ ንቅንቅ አይልም።

ረሃቡን የሚያበርደው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው። እኔ አልወስደውም፤ ነገር ግን በሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ በ68 ሳምንታት በአማካይ ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ገደማ አስቀንሷል፣ ሲቋረጥ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። መድኃኒቱ የማንንም ጠባይ አላረመም፤ የለወጠው የምግብ ፍላጎትን ነው። ይህን ያየ ሰው ወፍራም ሁሉ ሰነፍ ነው ለማለት ቢያፍር ደግ ነበር።

ታዲያ ኃላፊነቱ የማን ነው? እኔ ለራሴ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። እንዴት እንደሚርበኝና ሰውነቴ ስቡን እንዴት እንደሚይዘው አልመረጥኩም፤ በዚያ ራሴን መውቀስ ትቻለሁ። ገበያ ወጥቼ የምገዛው፣ ማጀት የሚሰፈረው ዘይትና ሐኪም ዘንድ መቅረቤ ግን በእኔ እጅ ናቸው። በዚህ ስሌት አሁን 86 ኪሎ ላይ ነኝ፤ 83 ላይ ለመቆየት የሚያስከፍለው ረሃብ ለእኔ አያዋጣም፣ ስኳሬም በዚህ ክብደት ደኅና ነው።

አንዳንዱ ፈተና ከሰው ነው የሚመጣው። ድሮ «ተመችቶሃል» ይሉኝ የነበሩት አክስቴ ከከሳሁ ወዲህ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ተመርመር እንጂ» ይላሉ፣ ጉርሻቸውንም እጥፍ አድርገዋል፤ አንዱን እቀበላለሁ፣ ሁለተኛውን እጃቸውን ስሜ እመልሳለሁ። የከበደኝ የልጄ ነገር ነው። በቁመናዋ ቁርጥ አባቴን ናት፤ ዘመድ ሲሰበሰብ «ቀንሺ» የሚላት አይጠፋም። ከእንግዲህ ሳህኗ ላይ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ ለስላሳውን ከቤት የማስቀረቱና ዘይቱን የመስፈሩ ሥራ የእኛ የወላጆቿ ነው።