ሞምባሳን በአጭር ቀን፦ ከኮምቦልቻ ሆኜ የማወጣው እቅድ እዚህ ደርሷል

ሰላም ናችሁ ወገን፣ ወደ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ የመሄዱ እቅድ እንዴት ሆነ፣ ቀረ እንዴ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ አልቀረም፣ እንዲያውም አሁን ነው መልክ የያዘው። ትኬት ገና አልቆረጥንም ግን የኔም የታናሽ እህቴም ፓስፖርት እጃችን ላይ ነው፣ የሷን ደሴ ነው ያወጣነው፣ የቢጫ ወባ ክትባቱንም ተከትበን ካርዱን ይዘናል። ይሄን ካርድ እንዳትንቁት፣ ኬንያ ከኛ አገር ለሚገባ ሰው ትጠይቃለች፣ ክትባቱ ደሞ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ መሄጃው ሳምንት ላይ እደርስበታለሁ የሚባል ነገር አይደለም። ጥሩው ነገር አንዴ ከተከተባችሁ እድሜ ልክ ያገለግላል። ቪዛ ለኛ ፓስፖርት አይጠየቅም፣ እውነት ለመናገር ሞምባሳን ከሌሎቹ ያስመረጠኝ አንዱ እሱ ነው።

ጅቡቲ አፍንጫችን ስር እያለች ለምን ኬንያ ድረስ ላላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ፣ ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ስንቱ ነው፣ ሰፈራችን ራሱ ሹፌር የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ግን ጅቡቲ ኑሮው ውድ ነው፣ እኔ ደሞ የምፈልገው ባህር ብቻ አይደለም፣ በእግሬ የምዞርበት አሮጌ ከተማ፣ ታሪክ ያለው ግንብ፣ ምግቡን ሳልጨነቅ የምበላበት ቦታ ነው። ሞምባሳ ሁሉንም አንድ ላይ ይዛለች፣ የኬንያ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት፣ በ2019 ቆጠራቸው ከ1.2 ሚሊዮን ሰው በላይ ይኖርባታል፣ ያም ሆኖ መሀሏ ትንሽ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፣ ለአጭር ጉዞ እቅድ የምታወጡ ካላችሁ ይሄን ያዙልኝ። የሚታዩ ቦታዎችን መዘርዘር ቀላል ነው፣ ስልክ ከፍቶ አስር ቦታ መጻፍ ነው። ከባዱ የቱ ከየቱ ጋር በአንድ ቀን ይሄዳል የሚለው ነው። እኔ ይሄ የተፈታልኝ ካርታውን ሳየው ነው፣ ሞምባሳ ማለት መሀሏ ደሴት ነው፣ ዙሪያዋን ባህር ነው፣ ወደ ሰሜን በኒያሊ ድልድይ ትወጣላችሁ፣ ወደ ምእራብ በማኩፓ በኩል፣ አየር ማረፊያውም ባቡር ጣቢያውም ያሉት በዛ በኩል ነው፣ ወደ ደቡብ ግን በከተማው በኩል ድልድይ የለም፣ ሊኮኒ ላይ በፌሪ፣ ማለት ሰውና መኪና በሚያሻግር ጀልባ ነው የሚሻገሩት። ስለዚህ ቀናችሁን በቦታ ብዛት ሳይሆን በመሻገሪያ ነው መከፋፈል ያለባችሁ፣ አንድ ቀን አንድ መሻገሪያ፣ በቃ። ጠዋት ሰሜን ማታ ደቡብ ያለ ሰው የጉዞውን ግማሽ መኪና ውስጥ ነው የሚጨርሰው።

እኛ የምናድረው ሶስት ሌሊት ስለሆነ እንዲህ ነው ያደላደልኩት፣ የመጀመሪያው ከሰአት ደሴቱ ላይ ብቻ፣ ሁለተኛው ቀን አሮጌው ከተማና ግንቡ፣ ሶስተኛው ቀን በኒያሊ ድልድይ ተሻግሮ ሰሜን። ደቡብን ትቼዋለሁ። ዲያኒ የሚባለው ነጭ አሸዋ ያለበት ታዋቂው የባህር ዳርቻ ያለው በደቡብ በኩል ነው፣ እህቴ ደሞ ፎቶውን አይታ ልቧ እዛ ቀርቷል፣ ግን ከፌሪው በኋላ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚቀረው ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ያስታረቀን አንድ ነገር ነው፣ ሊኮኒ ፌሪ ለእግረኛ በነጻ ነው፣ ከሰአት ላይ ተሻግረን መርከቦቹን አይተን በዛው እንመለሳለን፣ ዲያኒን ለሌላ ጊዜ። እሺ ብላለች ግን ፊቷ አሁንም እሺ አላለም።

ግንቡ ፎርት ጂሰስ ይባላል፣ ስለሱ ካነበብኩ በኋላ ነው ጉዞው ለኔ ሌላ ነገር የሆነው። ፖርቹጋሎች ናቸው ያሰሩት፣ ከ1593 እስከ 1596 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ሁሉም)፣ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ ግድግዳው ከኮራል ድንጋይ ነው፣ ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን ዘርግቶ የተኛ ሰው ይመስላል። በ1696 የኦማን አረቦች ከበቡትና ሶስት አመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው በ1698 ያዙት፣ ከበባው ላይ እርዳታ ይዘው ከመጡት የፖርቹጋል መርከቦች አንዷ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና በ1697 እዛው ግንቡ ስር ሰጠመች፣ ከውስጧ የወጣው እቃ አሁን ግንቡ ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያል። እንግሊዞች ደሞ በ1895 እስር ቤት አደረጉት፣ እስከ 1958 እስር ቤት ነበር። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2011 ነው።

ከታሪኩ ከኛ ጋር የሚገናኘውን ላሳያችሁ። ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው፣ ጥሩ አልተቀበሉትም፣ ትቶ ወደ ማሊንዲ ሄደ። ልጁ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ደሞ በ1541 በምጽዋ ገብቶ 400 ያህል ወታደር ይዞ ወደ ኛ አገር ወጣ፣ በአህመድ ግራኝ ዘመን በነበረው ጦርነት ላይ በ1542 እዚሁ ሞተ። ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ አባትየው በቆመበት ወደብ ላይ ሲቀጥል ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ከነሱ በፊት ደሞ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 አልፎበታል፣ የከተማው ሰው ሀይማኖተኛ እንደሆነ፣ መስጊዶቹም ከእንጨት በደንብ እንደተሰሩ፣ ሙዝና አሳ በብዛት እንደሚበሉ ጽፏል። አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው የማንድሪ መስጊድ በ1570 እንደተመሰረተ ነው የሚነገረው፣ ማለት ከግንቡ ይቀድማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ነው ያደረግኩት፣ ግንቡ ጠዋት 2 ሰአት ሲከፈት እንገባለን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ወጥተን ወደ አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ በሮቹን ለማየት፣ የስዋሂሊ ቤቶች በር ላይ ያለው የእንጨት ቅርጽ በፎቶ ራሱ ያፈዛል።

ሙቀቱን በተመለከተ ጎረቤታችን ጋሼ፣ የጅቡቲን መስመር እድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው ናቸው፣ እቅዴን ቡና ላይ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና "ቀትር ላይ ምን ጻፍክ?" አሉኝ። አሮጌው ከተማ አልኳቸው። "አጥፋው" አሉ፣ "የባህር ሙቀት እንደ ኮምቦልቻ አይምሰልህ ልጄ፣ እዚህ ጥላ ስር ከገባህ ተገላገልክ፣ እዛ ጥላውም ያልብሃል፣ ልብስህ ላይ ይጣበቃል፣ ጅቡቲዎች ቀትር ላይ ሱቅ ዘግተው የሚተኙት ሰንፈው እንዳይመስልህ።" ስለዚህ ከ6 እስከ 9 ሰአት ያለው ባዶ ሆኗል፣ ምሳ፣ ሶላት፣ እረፍት፣ ሌላ ምንም አልጻፍኩበትም። ከደሴ የምትሄዱ ደሞ ይሄን በእጥፍ አስቡት፣ ከጦሳ ስር ብርድ ወጥቶ ቀጥታ ባህር ወለል ላይ መውረድ ነው።

ስለ ሰአት ካነሳሁ አይቀር በጣም ደስ ያለኝን ልንገራችሁ፣ ስዋሂሊዎች ሰአት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው! ጠዋት ጸሀይ ወጥታ አንድ ሰአት ሲሆን "ሳ ሞጃ" ይላሉ፣ አንድ ሰአት ማለት ነው፣ የኛው ሶስት ሰአት የነሱም "ሳ ታቱ" ነው። አገሩም ከኛ ጋር እኩል ሰአት ላይ ነው። ግን የአውሮፕላንም የባቡርም ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጁ ነው፣ ስለዚህ እቅዴ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን እየጻፍኩ ነው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። ስዋሂሊውን እኔም እህቴም ማታ ማታ በቁጥር ጀምረናል፣ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ከዛ "ቤይ ጋኒ" ስንት ነው ማለት ነው፣ ገበያ ላይ ከሱ በላይ የሚጠቅም ቃል ያለ አይመስለኝም።

ሶስተኛው ቀን ነው ብዙ ያሰራኝ። ከኒያሊ ድልድይ ማዶ ባምቡሪ የሚባል ቦታ ሃለር ፓርክ አለ፣ ድሮ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር፣ ተቆፍሮ አልቆ ምንም የማይበቅልበት ነጭ መሬት ሲሆን ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1971 ዛፍ መትከል ጀመረ። መጀመሪያ የተከለው ካዙዋሪና የሚባል ጨው የሚችል ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ግን ረግፎ አልበሰብስ አለ፣ ከዛ ምን አመጣ፣ ብዙ እግር ያላቸውን ትሎች፣ እነሱ ቅጠሉን እየበሉ አፈር አደረጉለት። ዛሬ ቀጭኔ፣ ጉማሬና ግዙፍ ኤሊ ያለበት ጫካ ነው። እንደኛ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ከባህሩ እኩል መታየት ያለበት ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ዙሪያ ተቆርሶ የተተወ ተራራ ባየሁ ቁጥር አሁን የማስበው እሱን ነው።

ችግሩ ፓርኩና ባህሩ አንድ ቀን ላይ ናቸው፣ የቱ ይቅደም? እዚህ ላይ ነው የባህሩን ውሃ ማንበብ የተማርኩት። ህንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰአት ገደማ ነው፣ ሞምባሳ ላይ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ የሚዋኝ ሰው ውሃው ሞልቶ ሲገኝለት ነው የሚመቸው፣ እንደኔ ዋና ለማይችል ደሞ ውሃው ሸሽቶ አሸዋውና ድንጋዩ ሲገለጥ መሄድ ይሻላል። ሰአቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ጨረቃ መቁጠር ደሞ ለወሎ ሰው የሚያስተምረው የለም። የየቀኑ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ ቀኑን እንደቆረጥን ውሃው የሚጎድልበትን ሰአት አይቼ ባህሩን እዛ ላይ፣ ፓርኩን በተረፈው ላይ አደርጋለሁ። አሁን ኦፍላይን ካርታውን አውርጄ ሁለቱን ቦታ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

ወር ምርጫ ላይ ወደ መስከረም እያጋደልኩ ነው። ከባዱ ዝናባቸው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ከጥር እስከ መጋቢት ሀይለኛ ሙቀት፣ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እዛ ቀዝቀዝ ይላል ግን ነፋሱ ባህሩን ያናውጠዋል ይላሉ፣ ትንሹ ዝናብ ደሞ ጥቅምትና ህዳር ይመጣል። መስከረም መሀል ላይ ናት።

መንገዱ ከኮምቦልቻ ቦሌ በአውሮፕላን፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ ከዛ ቀጥታ ሞምባሳ ነው። በናይሮቢ ዞሮ በባቡር መሄድም አለ፣ ከ2017 ጀምሮ የሚሰራው ባቡር 470 ኪሎ ሜትር ገደማውን በአምስት ስድስት ሰአት ነው የሚጨርሰው፣ በጻቮ ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን ሊታይ ይችላል። በደጃችን የሚያልፈውን ሀዲድ እያየን እስካሁን ባቡር ላልተሳፈርን ለኛ ለኮምቦልቻዎች ፈተና ነው፣ ግን አንድ ቀን ስለሚወስድብን ለዚህ ጉዞ አልገባም።

ትንንሾቹን ነገሮች በአጭሩ ልዘርዝራቸው። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ እናቴ የጠቀለለችልኝን ጭኮና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት አስቀይሬአለሁ። ወባ አለ፣ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ስለ ወባ ምክር አያስፈልገውም ግን የሚቀባውን መከላከያ ያዙ። ቴሌብር እዛ አይሰራም፣ እነሱ በኤምፔሳ ነው የሚኖሩት፣ ጥሬ ሽልንግ በትንንሹ ዘርዝራችሁ ያዙ። ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ፣ ቱክቱክ ነው የሚሉት፣ ዋጋ ሳትነጋገሩ አትግቡ። ሞይ ጎዳና ላይ ያሉት ትልልቅ የዝሆን ጥርሶች እውነተኛ ጥርስ አይደሉም አሉሙኒየም ናቸው፣ መጀመሪያ በ1952 ለእንግሊዝ ልእልት ጉብኝት ነው የቆሙት፣ በመኪና ስታልፉ ይታያሉ፣ ለብቻቸው ጊዜ አትስጧቸው።

ቡናው ግን ጊዜ ይገባዋል። አሮጌው ከተማ ማታ ማታ ከነከሰሉ በነሀስ ጀበና የሚሸጥ መራራ ቡና አለ፣ ዝንጅብል ያለው፣ በትንሽ ሲኒ፣ ካሻታ ከሚባል የኮኮናት ጣፋጭ ጋር። ሁለተኛውን ማታ ሙሉውን ለሱ ነው የተውኩት፣ ወሎዬ ቡና እየተፈላ ሰአት አያይም።

የቀረኝ ማደሪያ ነው። አሮጌው ከተማ አጠገብ ነው ወይስ ኒያሊ ባህሩ ጋር የሚለው አልተቆረጠም፣ በመሻገሪያው ስሌት ከሄድኩ ደሴቱ ላይ ማደር ይሻላል፣ ሶስቱ ቀን ውስጥ ሁለቱ እዛው ስለሆነ። እህቴ ባህር እያየሁ ካልተነሳሁ ትላለች። እዛ የቆየ ካለ፣ በተለይ ማታ ከአሮጌው ከተማ ወደ ኒያሊ መመለስ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ይጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት ልወስን ነው።