የጅማ መንገድና የሳይናይድ ወሬ

ጅማ የሄድኩት ለዘመድ ሰርግ ነው፣ ስለ ሰርጉ ብዙ አልፅፍም፣ ድንኳኑ ሞቅ ያለ ነበር፣ በላን ጨፈርን አለቀ። ልፅፍ የፈለግኩት መኪና ውስጥ አጠገቤ ስለተቀመጠው ልጅ ነው። የጅማ ልጅ ነው፣ እዛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ አሁን ምዕራብ በኩል አንድ ወርቅ ማውጫ ይሰራል፣ ስሙንም ቦታውንም እንዳልፅፍ ስለለመነኝ ኢንጂነሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ወሬ የጀመርነው ወልቂጤ ቁርስ ላይ ነው። እኔ ቆጮ በአይብ አዝዣለሁ፣ እሱ ሻይ ብቻ፣ ምክንያቱም የጊቤ ቁልቁለት ሆዱን ይረብሸዋል። ምን ትሰራለህ ስለው "ሳይናይድ ላይ ነኝ" አለኝ ቀለል አድርጎ፣ ልክ ባንክ ነኝ እንደሚል ሰው። እኔ ሳይናይድ የማውቀው ፊልም ላይ ሰላዮች ሲያዙ የሚነክሷት ነገር ሆና ስለሆነ ቆጮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ ሳቀብኝ። "ጣትህ ላይ ያለው ቀለበት በምን የወጣ ይመስልሃል ታዲያ" አለኝ።

ወደ ጊቤ መውረድ ስንጀምር ፊታችን ሸራ የለበሰ ተሳቢ አለ፣ ፍሬኑ እየሸተተ ነው የሚወርደው፣ የኛ ሹፌር ደሞ መታጠፊያ ላይ ካልቀደምኩ ብሎ ጥሩምባውን ያንባርቀዋል፣ አንዲት እናት ከኋላ "ኧረ በፈጠረህ" እያሉ ነው። ኢንጂነሩ ወንበሩን ጨብጦ "ይሄውልህ፣ እኔ ታንኩ አጠገብ ቆሜ ስሰራ አልፈራም፣ የምፈራው ይሄን ነው" አለኝ። መስሎኝ የነበረው አደጋ ፈርቶ ነው፣ እሱ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር።

ኪርጊስታን ውስጥ ኩምቶር የሚባል ትልቅ የወርቅ ማውጫ አለ። በፈረንጅ 1998 ግንቦት ላይ ወደዛ ሳይናይድ ጭኖ የሚሄድ መኪና ተገልብጦ ባርስኩን የሚባል ወንዝ ውስጥ ወደ 1,700 ኪሎ ግራም ሶዲየም ሳይናይድ ተደፋ። ከታች ያለው ሰው ወንዙን ይጠጣል፣ አትክልቱን ያጠጣበታል፣ ቶሎ መጥቶ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። በሺ የሚቆጠር ሰው ህክምና ፈለገ፣ በዛ ምክንያት ስንት ሰው ሞተ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። "አየህ፣ ግድብ አልተናደ፣ ፋብሪካ አልፈነዳ፣ መኪና ነው የተገለበጠው" አለኝ። በዚ መሀል ሹፌራችን ተሳቢውን ቀደመው፣ እንዴት እንደቀደመው አልጠይቅም።

ወንዙን ተሻግረን ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር ሰውየው ሆዱ ስለተረጋጋ ነው መሰለኝ አፉ ተፈታ። ወርቅ አብዛኛው በአይን አይታይም አለኝ። አንድ ቶን ድንጋይ ፈጭተው ሁለት ሶስት ግራም ካገኙ ደስ ይላቸዋል፣ ለአንድ ግራም የሚለፉም አሉ። ያ በገበቴ ታጥቦ አይወጣም። ስለዚ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ይልማል፣ በውሃ ይበጠበጥና ትልልቅ ታንክ ውስጥ ይገባል፣ ሳይናይድ ይጨመርበታል፣ ከስር አየር ይነፋበታል ምክንያቱም ኦክስጅን ከሌለ ሳይናይዱ ወርቁን አያሟሟም፣ እንደዛ ሆኖ አንድ ቀን ገደማ ይዞራል። የሚገርመው ውህዱ በጣም ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜ በሊትር ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም። ከዛ ከኮኮናት ቅርፊት የተሰራ ከሰል ይጨመራል፣ የሟሟው ወርቅ ስኳር እንዳየ ጉንዳን ከሰሉ ላይ ይሰፍርና ከሰሉ ተለቅሞ ይታጠባል።

ትልቁ ህግ ኖራ ነው አለኝ። ታንኩ ውስጥ ያለው ነገር ፒኤቹ (አሲድነቱ የሚለካበት ቁጥር ነው፣ ሲወርድ አሲድ እየሆነ ነው ማለት ነው) ከ10 በላይ መሆን አለበት፣ ለዛ ነው ኖራ የሚጨመረው። ኖራው አንሶ ፒኤቹ ከወረደ ወይ አሲድ ነገር ከነካው ሃይድሮጅን ሳይናይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይነሳል። ይሄ ነገር የሚፈላው 26 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቆላ ውስጥ ላለ ማውጫ 26 ዲግሪ ማለት ጠዋት ሶስት ሰዓት ማለት ነው። መራራ ለውዝ ይሸታል ይባላል፣ ግን በተፈጥሮው የማይሸተው ሰው አለ፣ ኢንጂነሩ ራሱ አይሸተውም! ስለዚ አፍንጫውን ትቶ ደረቱ ላይ የምትንጠለጠል ጋዝ ሲኖር የምትጮህ ነገር ነው የሚያምነው። ሰው ከተመረዘ ሳንባው ይሰራል፣ ደሙ ውስጥ ኦክስጅን ሞልቷል፣ ሴሎቹ ግን ሊጠቀሙበት አይችሉም፣ አየር እየሳበ ይታፈናል። ይሄን ሲነግረኝ መስኮቱን ከፈትኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሰንዳቦ ከመድረሳችን በፊት የግልገል ጊቤ ውሃ ታየን። ተኝቷል፣ ከብቶች ዳሩ ላይ አሉ፣ ደስ ይላል። ኢንጂነሩ ግን ግድብ ሲያይ የራሱ ትዝ ይለዋል። ከወርቁ የተረፈው ጭቃ፣ ቴይሊንግ ነው የሚሉት፣ እሱም ግድብ ተሰርቶለት ይጠራቀማል። የመብራት ግድብ ሲሞላ በር ትከፍታለህ፣ ይሄኛው ግን ሞላብኝ ብለህ ዝም ብለህ የምትለቀው አይደለም፣ ማውጫው ከተዘጋም በኋላ እዛው ነው። ሮማኒያ ባያ ማሬ የሚባል ቦታ በፈረንጅ ጃንዋሪ 30፣ 2000 ሌሊት ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ተደራርቦ ግድቡን ሞላውና ጠረማመሰው፣ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ሳይናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገባ፣ ከዛ ሀንጋሪ ቲሳ ወንዝ፣ ከዛ ዳኑብ። ሀንጋሪ ውስጥ ብቻ ከ1,000 ቶን በላይ አሳ ሞተ ተብሏል። ከዛ በኋላ ነው አለም አቀፍ የሳይናይድ ኮድ የሚባለው የመጣው፣ ወፍና ከብት ሊደርስበት የሚችል ክፍት ኩሬ ውስጥ በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ምናምን የሚል፣ ግን የሚገቡበት በፈቃደኝነት ነው። ሀንጋሪ ደሞ በፈረንጅ 2009 ወርቅ በሳይናይድ ማውጣትን ጭራሽ ከለከለች።

ጅማ ስንገባ ዝናብ ነው። የጅማ ዝናብ ደሞ ይታወቃል፣ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ያለው ይመስል በሰዓቱ ይመጣል። ባጃጅ ውስጥ ገብተን መርካቶን አቋርጠን ስንሄድ የመንገዱ ዳር ዳር ጎርፍ ሆኖ ወደ አዌቱ ይወርዳል፣ ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ማለት ነው፣ ፌስታሉም ሀይላንዱም ሁሉም ነገር እዛ ነው የሚገባው። ልጁ ቡና ጠጥተህ ካልሄድክ ብሎ አስገድዶ ቤቱ ወሰደኝ።

እናቱ የጅማ እናት ናቸው፣ አትግደርደር የሚሉት ገና ሳልቀመጥ ነው። ቡናው የራሳቸው ጓሮ ነው፣ ስለ ቡናው ሌላ ቀን እፅፋለሁ ምክንያቱም ራሱን የቻለ ፅሁፍ ይፈልጋል። ሆድ ያለሰልሳል ብለው ተልባም በጥብጠው አቀረቡ። ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አንስቶ "እማ፣ ተልባም እኮ ሳይናይድ አለው" አላቸው። እሳቸው ሊመቱት እጃቸውን ሰነዘሩ። እውነቱን ነው ግን፣ ተልባ ውስጥ ሳይናይድ ሊለቅ የሚችል ነገር አለ፣ ካሳቫ ውስጥማ የበለጠ አለ፣ ለዛ ነው ካሳቫ ተዘፍዝፎ ደርቆ የሚበላው። ትንሽ ከሆነ ሰውነታችን ራሱ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ሲብራራልኝ ገባኝ፣ ሳይናይድ እንደ ሜርኩሪ እያደር ሰውነት ውስጥ የሚከማች አይደለም፣ ፀሀይና አየር ሲያገኝም ይበታተናል፣ ፋብሪካውም ከመድፋቱ በፊት በኬሚካል ሊያከሽፈው ይችላል። የሚገድለው ግን ቶሎ ነው፣ በደቂቃ።

እናትየው ይሄን ሁሉ ዝም ብለው ሰምተው ረከቦቱን እያስተካከሉ "ታዲያ የሻኪሶ ሰው የሚያለቅሰው ውሸቱን ነው ልጄ?" አሉት። ቤቱ ጭጭ አለ። ለማያስታውስ፣ ጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃዱ በኛ አቆጣጠር 2010 ግንቦት ታግዶ ነበር፣ ነዋሪው ልጆቻችን እየታመሙ ነው ከብቶቻችን እያለቁ ነው ብሎ አደባባይ ወጥቶ፣ ድርጅቱ ደሞ አልተቀበለም፣ ከሶስት አመት ገደማ በኋላ ስራው እንደገና ተጀመረ። ኢንጂነሩ ለመከላከል አልሞከረም፣ ይሄን ወደድኩለት። "ውሸት ነው አላልኩም እማ" አለ። "ደሞ መርዙ ሳይናይድ ብቻ አይደለም፣ ድንጋዩ ራሱ አርሰኒክ ሊኖረው ይችላል፣ ስትፈጪው ይወጣል። ውሃው በየጊዜው ይለካል፣ ውጤቱ ግን ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው።" "ፋይሉን ማን ያነበዋል?" አሉት። "እኛ።" "ውሃውን ማን ይጠጣዋል?" እዚጋ መልስ አልነበረውም፣ እሳቸውም አልጠበቁም፣ ሁለተኛውን ሊቀዱ ተነሱ።

እኔ በበኩሌ ከሙያው ውጪ ነኝ፣ ግን የውሃ ምርመራ ውጤት ቀበሌ በር ላይ ቢለጠፍ ማን ይጎዳል? የእድርና የመብራት መቋረጥ ማስታወቂያ ይለጠፍ የለ እንዴ።

በማግስቱ ሰርጉ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጅሬን ወጣን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት። እንጨቱ ላይ ያለው ስራ አሁንም ያስደንቃል፣ ከላይ ሆነህ ከተማውን ስታየው ደሞ አረንጓዴ ነው፣ ደን ውስጥ የጠፋ ከተማ ነው የሚመስለው። አስጎብኚው አባ ጅፋር ሁለተኛ በፈረንጅ ከ1878 እስከ 1932 ነገሱ ሲል ኢንጂነሩ ጎሸም አደረገኝና በጆሮዬ "ማክአርተር የሚባል ስኮትላንዳዊና ፎረስት የሚባሉ ወንድማማቾች ግላስጎው ላይ ወርቅ በሳይናይድ ማውጣትን ፓተንት ያስመዘገቡት በ1887 ነው" አለኝ። ማለትም አባ ጅፋር እዚ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገበያቸውን ሲያዩ። ልጁ ሁሉን ነገር በሳይናይድ ነው የሚቆጥረው፣ አስጎብኚው በክፉ አየን።

ስንወርድ መርካቶ ወርቅ ቤት ገባን፣ ለሙሽራዋ የታዘዘ የጆሮ ጌጥ ለመቀበል። አንጥረኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ሱቃቸው ጠባብ፣ መስኮት የለውም። ከባህላዊ ቆፋሪ የሚመጣ ወርቅ ድሮ ብዙ ይገዙ እንደነበር አወሩን፣ ከዲማ በኩል የሚመለሱ ልጆች በቦንጋ አድርገው ጅማ ሲደርሱ ይሸጡላቸው ነበር። ቆፋሪው ወርቁን ከአሸዋው የሚለየው በሜርኩሪ ነው፣ ሜርኩሪ የነካው ወርቅ ደሞ እሳት ላይ ሲሆን ጭስ አለው፣ እሳቸው በሻርፕ አፋቸውን ሸፍነው ነበር የሚያቀልጡት። ኢንጂነሩ ፊቱ ጠቆረ። "አባባ፣ ሻርፕ አያቆመውም እኮ" አላቸው። "አሁን ትቻለሁ ልጄ" አሉ፣ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርጅና ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም።

ከሱቁ ስንወጣ የነገረኝ ነገር ነው ከሁሉም የከበደኝ። ቆፋሪው በሜርኩሪ ሰርቶ የሚጥለው አሸዋ ውስጥ ወርቅ ይቀራል፣ አንዳንድ አገር ያንን አሸዋ የሚገዙ አሉ፣ ጉድጓድ ቆፍረው ላስቲክ አንጥፈው ሳይናይድ ያፈሱበታል። ሳይናይዱ ግን ወርቅ ብቻ አይደለም የሚያሟሟው፣ ሜርኩሪውንም ያሟሟል፣ ከዛ ሜርኩሪው አሸዋው ውስጥ መቀመጡን ትቶ ከውሃ ጋር ይሄዳል። ሚናማታ የሚባለው በፈረንጅ 2013 የፀደቀው አለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት ይሄን አሰራር ስሙን ጠርቶ ይጥፋ ይላል። እዛ ላስቲክ አጠገብ ደሞ ፒኤች መለኪያ የለ፣ የምትጮህ ነገር የለ፣ ኖራ መጨመር እንዳለበት የሚያውቅም ላይኖር ይችላል። ትልቁ ካምፓኒ ቢያንስ የሚከሰስበት አድራሻ አለው።

ሰርጉን ብያለሁ፣ አለቀ። ስመለስ ኢንጂነሩ ሊሸኘኝ መናኸሪያ መጣ፣ ማርም ይዞ፣ እናቱ ናቸው የላኩት። መኪናው እስኪሞላ ቆመን አንድ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት፣ ሰው ቢመረዝ መድሃኒት አለው ወይ ብዬ። አለው አለኝ፣ ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚባል፣ የቫይታሚን ቢ12 ዘመድ ነው፣ በደም ስር ይሰጣል፣ ሳይናይዱን ይይዘውና እሱው ራሱ ቢ12 ሆኖ በሽንት ይወጣል፣ ሶዲየም ታዮሰልፌትም አለ። ቶሎ ከተሰጠ ሰው ይተርፋል። የነሱ ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ አለ፣ ነርሶቹም ሰልጥነዋል፣ በየጊዜው ልምምድ ይደረጋል።

"ከወንዙ በታች ያለው ጤና ጣቢያስ?" አልኩት።

"እሱ እኮ የመንግስት ነው" አለኝ ቶሎ ብሎ፣ ከዛ ትንሽ ቆየና "ያለው አይመስለኝም" አለ። ሳይናይዱን የጫነው መኪና እስከ ካምፑ የሚያልፍባቸው ከተሞችስ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ "አዲስ አዲስ፣ አንድ ሰው!" እያለ እየጎተተኝ ስለነበር ገባሁ። ሲደውልልኝ ስራ ተመልሷል፣ ለሴፍቲ ሃላፊው በኢሜይል ፅፌያለሁ፣ መድሃኒቱ ውድ ነው ጊዜውም ያልፍበታል ብለውኛል፣ ግን ለጤና ጣቢያው ነርሶች ስልጠና እንስጥ የሚለውን ሃሳብ ተቀብለውታል አለኝ። መድሃኒት የሌለው ስልጠና ምን ያደርጋል ብዬ ተከራከርኩት፣ እሱ ደሞ ምልክቱን ካወቁ ቢያንስ ወደኛ ይደውላሉ አለኝ፣ ኔትወርክ ካለ ነው አልኩት፣ እዚ ላይ ስልኩ ተቋረጠ።