ደረሰኝ የሌለው እራት

አስጎብኚ ነኝ። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። ቢሆንም «ፉል ቦርድ»፣ ማለትም አዳርም ሙሉ ምግብም የተከፈለበት የሚል ቫውቸር በእጄ በገባ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ለጉዞው የተመደብኩት በዋዜማው ማታ ነበር። የምንሄደው መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቫውቸሩ «ጓሳ፣ ሁለት አዳር፣ ፉል ቦርድ» ይላል። ጉዞውን ወደሚያሰናዳው የቢሯችን ክፍል፣ ኦፕሬሽን፣ ደውዬ «ጓሳ እኮ እንግዳው ራሱ የሚያበስልበት ማረፊያ ነው፤ ኩክ ማን ነው? የአስቤዛው ገንዘብስ?» አልኩ። «አሁን ሼፍ ቀጥረዋል፤ አረጋግጠናል» ተባልኩ። ጥያቄዬን በጽሑፍም ላክሁት። መልሱም በጽሑፍ መጣ፤ ያው ቃል ነው።

እንግዶቹ ከሜሪላንድ የመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ናቸው። የባልየው አያት የመንዝ ሰው ነበሩ። ልጆቹ የአያት አገር እንዲያዩለት ብሎ ነው ጎንደርና ላሊበላን ትቶ ወደዚህ የመጣው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ታጥፈን ሽቅብ ስንወጣ፣ የጭላዳ መንጋ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ልጆቹ አይተው ከመስኮት አልላቀቅ አሉ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ማረፊያው የአካባቢው ማኅበረሰብ ንብረት ነው። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ማዕድ ቤት አለ፤ ድስትና ሰሃን አለ፤ እሳት የሚነድበት ሳሎን አለ። ምግቡና ማገዶው ግን ከእንግዳው ጋር ነው የሚመጣው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሲመሽ ወጣ ብሎ እንቁላል የሚገዛበት ሱቅ የለም።

ጠባቂው አባባ ገና ሞተሩ ሳይጠፋ ቀረብ ብለው «እንኳን ደህና መጣችሁ። ስንቁን ላውርድላችሁ?» አሉ።

መኪናው ላይ ያለው ከደብረ ብርሃን የገዛሁት ውኃ፣ ሙዝና ዳቦ ብቻ ነው። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ «ስንቅ ምንድን ነው? ተከፍሏል እኮ» አለች። ያለውን እንዳለ ነገርኳት፤ ከቢሮ የተጻፈልኝንም አሳየኋት። አንብባ ስልኩን መለሰችልኝ።

«እኛ እዚያም ጫካ ውስጥ ቤት ተከራይተን እናድራለን» አለች። «ጨው አለ፣ ዘይት የለም ብለው ሳይቀር ይጽፉልናል። ብትነግሩኝ ሽሮና በርበሬ ይዤ መጥቼ፣ በአያታቸው አገር ለልጆቼ እኔው ወጥ እሠራላቸው ነበር።»

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ንግግሯ ነው። ቢሮው «ራስዎ የሚያበስሉበት» ብሎ ቢጽፍ ገበያ የሚያጣ መስሎት ደበቀው። የደበቀው ግን ሴትየዋ ከምንም በላይ ልትወድደው የምትችለውን ነገር ነው።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። «ሼፍ የለም እንዴ? በቃ እንደምንም አብቃቃው» አሉኝ። በአራት ሰው ራት ላይ እንደምንም ምን ማለት ነው?

ስመለስ ባልየው ከአባባ ጋር ቆሟል። ትንሹ ልጅ ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል። አባትየው ወደ አስታው ቁጥቋጦ እያመለከተ «አባባ፣ ከዚያ አስታ ጥቂት ቢቆረጥልን፤ የሚከፈለውን እከፍላለሁ» ይላል።

«አይቆረጥም፣ ልጄ።»

«አንድ ሸክም ብቻ።»

«የብር ነገር አይደለም። እኔም ቤቴ የማነደው ኩበት ነው። ጓሳ ዝግ ነው።»

ጓሳ ዝግ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእንግዳ ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው፤ አስረዳሁ። የመንዝ ሰው ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓቱ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት። ሲከፈት ሁሉም በሕግ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከለከልበት ገሳ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን መልሶ ኮሚቴ አቁሞ ጠበቀው። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ ያለው ሰው ሳይቆርጥ ስለታገሠ ነው።

ባልየው ይከራከራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብሎ ቆየና «አያቴ ገሳ ነበራቸው» አለ።

«እንግዲያ አያትህም ጠብቀውታል» አሉት።

ከዚያ በኋላ ስለ እንጨት የተናገረ የለም። አባባ ወረድ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ባለቤታቸው ኩበት በቅርጫት፣ የገብስ እንጀራ፣ ሽሮና ቆሎ ይዘው አብረዋቸው መጡ፤ አንድ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስም፣ ለልጁ ጨመሩ። ያ ራት ለቤታቸው የተሰናዳ ነበር። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ ማዕድ ቤት ገባችና ሽሮውን ከእማማ ጋር አብረው ሠሩት። በማግስቱ ጠዋት መሐል ሜዳ ወርጄ ለቀረው ጊዜ የሚሆን አስቤዛና ከሰል በኪሴ ገዛሁ።

ስንሰናበት ባልየው ገንዘብ ዘረጋ። አባባ የአልጋውን ቆጥረው ተቀበሉና ደረሰኝ ጻፉለት፤ ቢሮው እሱንም አልከፈለም ነበርና። የቀረውን መለሱለት። «የአልጋው የማኅበሩ ነው። እራቱ የቤቴ ነው» አሉ።

አዲስ አበባ ገብቼ የመሐል ሜዳውን ወጪ፣ የአልጋውን ሒሳብና የዚያን እራት ግምት ጽፌ አቀረብኩ። የአልጋውን ለእንግዶቹ መለሱ፤ ደረሰኝ አለውና። የእኔንም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሰጡኝ። እራቱ ላይ ሲደርሱ «ደረሰኝ የለውም፤ በምን እናወራርደዋለን?» አሉ። ከእንግዶቹ የሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ዋጋ የተቀበለ ቢሮ፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ያካፈለውን እራት ማወራረጃ አጣ። «ሰዎቹ እኮ ማዕዳቸውን ነው የሰጡን» ብዬ ብለምንም ፋይሉን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ጓሳ የሚል ቫውቸር ሲሰጠኝ ቀድሜ ለእንግዶቹ እደውላለሁ። «የሚያበስልላችሁ ሰው የለም፤ ምን መብላት ትወዳላችሁ? ደብረ ብርሃን ገበያ አብረን እንገዛለን፤ ከሰልም እንይዛለን» እላለሁ። እስካሁን በዚህ ምክንያት የቀረ እንግዳ አላጋጠመኝም። ቢሮው «ከእኛ አልፈህ ለምን ደወልክ?» ብሎ በጽሑፍ አስጠንቅቆኛል። ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀበልኩ፤ መደወሌን ግን አልተውኩም።