ቲቢ ታክሞ የጨረሰ ሰው ሲያስል

ጅማ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስሉ ሰዎች ላይ በሚሰራ ሪሰርች ውስጥ ነርስ ነኝ፣ አክታ እንቀበላለን ስፓይሮሜትሪ (ሳንባ ምን ያህል አየር በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ የሚለካ ምርመራ) እናስነፋለን። ከሰርቦ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ከ3 አመት በፊት የ6 ወሩን የቲቢ መድሀኒት በስርአት ጨርሰዋል ግን ሳሉ አልለቀቃቸውም፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ጎረቤት ደግሞ ተመለሰባት ብሎ የቡና ስኒያቸውን ለይቶባቸዋል። ቲቢ እኮ በአየር እንጂ በስኒ አይተላለፍም፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያመኝ።

አክታቸው በጂን ኤክስፐርት አልትራ (የቲቢ ባክቴሪያን ዲኤንኤ የሚፈልግ ማሽን) ሲታይ "ትሬስ" አለ። ትሬስ ማለት የባክቴሪያው ዲኤንኤ በጣም ጥቂት ተገኝቷል፣ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን (ዋናውን የቲቢ መድሀኒት) ይልመደው አይልመደው እንኳን ማወቅ አይቻልም ማለት ነው። ማሽኑ ደግሞ የሞተውንና በህይወት ያለውን ባክቴሪያ አይለይም፣ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባ ውስጥ የሞተው ዲኤንኤ ለአመታት ሊቆይ ይችላል። ኤክስሬያቸው ላይም ጠባሳ አለ። ተረኛው ሀኪም ዛሬውኑ መድሀኒት ይጀመርላቸው አለ፣ አልፈርድበትም፣ ቲቢ አምልጦ ቤተሰብ ሲጨርስ ያየ ሰው ቢቸኩል ይገባኛል።

ሲኒየሯ ሀኪም ግን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ ትኩሳት አለዎት? ማታ ያልብዎታል? ክብደት ቀንሰዋል? የለም። ኤችአይቪም ኔጌቲቭ ናቸው። ቀጥላ ምግብ የት ነው የሚያበስሉት አለቻቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድቤት በእንጨት፣ ሲጋራ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። የድሮ ኤክስሬይ አለ ወይ ስትል ልጃቸው ቤት ሄዶ ከፍራሽ ስር አመጣው፣ ሁለቱን መብራት ላይ ስናነጻጽር ጠባሳው እዛው ቦታ ነው ምንም አልጨመረም። ያ ፊልም ባይኖር ምን እንደምንወስን እንጃ፣ እባካችሁ የድሮ ኤክስሬይ አትጣሉ።

አዲስ አክታ ተወስዶ አልትራው ተደገመ፣ ካልቸርም (በህይወት ያለ ባክቴሪያ ካለ የሚያሳድግ ምርመራ) ተላከ። ካልቸር ኔጌቲቭ ለመባል እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል፣ ለበሽተኛ ረጅም ነው፣ ልጃቸው እየደወለ ይጠይቅ ነበር፣ በመሀል ትኩሳት ከመጣ ወይ ደም ከተፉ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ ብለናቸዋል። ሁለቱም ኔጌቲቭ መጡ።

ስፓይሮሜትሪውን ያስነፋናቸው ከዛ በኋላ ነው። የአክታ ውጤት ሳይታወቅ አናስነፋም ምክንያቱም በሀይል ሲነፋ ሰው ያስላል፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ቀጥሎ ሌላ በሽተኛ ይገባል። መጀመሪያ አስነፋናቸው፣ ከዛ የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል 4 ፓፍ በስፔሰር ሰጥተን (ስፔሰር የሚነፋው መድሀኒት ሳንባ እንዲደርስ የሚረዳ ባዶ እቃ ነው፣ ሲጠፋ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡ ተበስቶ ይሰራል) 15 ደቂቃ ጠብቀን ድጋሚ አስነፋን። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ለጠቅላላው ሲካፈል ከ0.70 በታች ነው፣ መድሀኒቱን ወስደውም አልተስተካከለም። የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው፣ ጭሱም የድሮው ቲቢም ሁለቱም ያደርጉታል።

ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድሀኒት) ጀመሩ፣ ልጃቸው ማድቤቱ ላይ መስኮት ከፈተላቸው። ጠባሳው ስለማይጠፋ ሙሉ በሙሉ አልተሻላቸውም፣ ዳገት ላይ አሁንም ያርፋሉ፣ ግን ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ሁለተኛ 6 ወር የማያስፈልጋቸውን መድሀኒት አልዋጡም።